የሚያመው ማን ነው? የጦርነት ዘመን ካርቱኖችን ስዕል በስዕል ሳጠና ያሳለፍኳቸው ስምንት ወራት

እንደ እኔ አኒሜሽን በትርፍ ሰዓታችሁ ለምትማሩ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ በማለት፣ ከስምንት ወራት በፊት የጀመርኩት ልምምድ የት እንደደረሰ፣ የት እንደተሳሳትኩ ጭምር ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። ልምምዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ አጫጭር የፕሮፓጋንዳ ካርቱኖችን መመልከት፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ጥቂት ሰከንድ መርጦ በእጅ መልሶ መሳል ነው። ይህን ዘመን የመረጥኩት ለፖለቲካ ካለኝ ፍቅር አይደለም። አብዛኞቹ ከአሥር ደቂቃ የማይበልጡ በመሆናቸው በአንድ ምሽት አንዱን ደጋግሞ ለማየት ይመቻሉ፤ በዚያ ላይ ለአንድ ዓላማ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ሠዓሊው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ለምን እንዳስገባት መጠየቅ ይቻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በከንቱ አሳልፌአቸዋለሁ ማለት እችላለሁ። ትልቅ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ የፊልሙን ስም፣ ዓመቱን፣ ስቱዲዮውን፣ ጠላት ተደርጎ የተሳለውን ወገንና መልእክቱን በየአምዱ መዝግቤ ነበር። አርባ ያህል ፊልም ከመዘገብኩ በኋላ ሳነበው የመልእክቱ አምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ ጠላት ክፉ ነው፣ ጠላት ደደብ ነው፣ ቦንድ ግዙ። ይህንን ለማወቅ ደግሞ አርባ ፊልም ማየት አያስፈልግም ነበር። ሠንጠረዡን ትቼ እርሳስ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የመረጥኩት በዲዝኒ ስቱዲዮ ተሠርቶ በ1943 መጀመሪያ ላይ የወጣውንና ጃክ ኪኒ ያዘጋጀውን «ዴር ፉረርስ ፌስ» የተባለውን የዶናልድ ዳክ ፊልም ነው። ይህ ፊልም የዓመቱን ምርጥ አጭር ካርቱን ኦስካር አግኝቷል፤ ኦሊቨር ዋላስ የደረሰለት የማላገጫ ዘፈንም ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በስፓይክ ጆንስ ባንድ ተቀርጾ በሬዲዮ ታዋቂ ሆኖ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው፤ ዶናልድ በናዚ አገር የሚኖር የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ዛፉ፣ ደመናው፣ አጥሩ፣ የግድግዳው ወረቀት ሳይቀር የስዋስቲካ ቅርጽ ይዟል። በማለዳ የማርሽ ባንድ መጥቶ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። በባንዱ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የሚደልቀው ሙሶሊኒ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። ለካሊፎርኒያ ሠዓሊዎች ሙሶሊኒ ሆዱን ነፍቶ ከበሮ የሚመታ አጃቢ ነበር፤ የመርዝ ጋዝና የየካቲት 12ን ታሪክ ከአያቶቹ አፍ እየሰማ ላደገ ሰው ግን ሳቁ እኩል አይመጣም። ይህንን እንደ ጉድለት አልቆጥርባቸውም፤ የማን ቀልድ እንደሆነ ግን ይነግረኛል።

ወደ ቁርሱ ልመለስ፤ ከፊልሙ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከዚያ ነው። ዶናልድ ደብቆ ያስቀመጣትን አንዲት የቡና ፍሬ አውጥቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነክሮ መልሶ ይደብቃታል። ከአቦል እስከ በረካ ለለመደ ተመልካች ከዚህ የከፋ የኑሮ መግለጫ የሚገኝ አይመስለኝም። ቀጥሎ የእንቁላልና የአሳማ ሥጋ ጥብስ ሽታ ያለው ሽቶ ወደ አፉ ይረጫል፤ ከዚያም ዳቦውን እንደ ግንድ ይገዘግዘዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጣም በአጭር ጊዜ ነው። ስለ ናዚ ርዕዮተ ዓለም አንዲት ቃል ሳይነገር ተመልካቹ በዚያ አገር መኖር ምን እንደሆነ በሆዱ ያውቀዋል።

የዳቦውን ትዕይንት መልሼ ለመሳል ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያልፋል፤ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ካቆዩት ለሰከንዱ 12 ስዕል ይበቃል። እኔም 36 ስዕል አዘጋጅቼ ሦስት ሰከንድ ለማግኘት ሞከርኩ። መሣሪያዬ ከሁለት መጽሐፍ ላይ የተጋደመ መስታወትና ከሥሩ የበራ አምፖል ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ሲታይ ዶናልዱ ስፖንጅ የሚቆርጥ ይመስላል። እጁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በእኩል ፍጥነት ስለሚሄድ ዳቦው ክብደት አልነበረውም። ዋናውን ፊልም ፍሬም በፍሬም ሳየው ጥንካሬውን የሚፈጥረው ዳቦው ሳይሆን የዶናልድ ትከሻ እንደሆነ ገባኝ፤ ትከሻው ቀድሞ ይጨነቃል፣ እጁ ዘግይቶ ይከተላል። በሁለተኛው ሙከራ ወደ ፊት ለሚሄደው ግፊት ብዙ ስዕል፣ ለመመለሻው ደግሞ ጥቂት ስዕል ስሰጠው ዳቦው ደረቀልኝ። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህንን ምናልባት ከድሮ ጀምሮ ታውቁት ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህች ዳቦ ነው የተማርኩት።

ከፋብሪካው ትዕይንት ደግሞ የተማርኩት ስለ ፍጥነት ነው። የመድፍ ጥይቶች፣ ትልቁም ትንሹም፣ በሚንቀሳቀሰው ቀበቶ ላይ ይመጣሉ፤ ዶናልድ ጫፋቸውን ማጥበቅ አለበት። በመካከላቸው የሂትለር ፎቶግራፍ በመጣ ቁጥር ሥራውን አቋርጦ ሰላምታ መስጠት ግዴታው ነው። መጀመሪያ በጥይቱና በፎቶግራፉ መካከል መተንፈሻ አለ፤ ቀስ በቀስ ይጠባል፤ መጨረሻ ላይ የሚያጠብቀው እጅና ሰላምታ የሚሰጠው እጅ ይምታቱበታል። አምባገነንነት በአንድ ሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ነገር እንዲህ በጊዜ አጠባበቅ ብቻ ያሳየ ሌላ ካርቱን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በአምስተኛው ወር አንድ እሑድ የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ይህንን ፊልም አብራኝ አየች። ሂትለር ማን እንደሆነ አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም። በፋብሪካው ቦታ ላይ ሳቋን አቋርጣ «ጋሼ፣ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?» አለችኝ። ቀጥሎ የነበረው ፊልም በዋርነር ብራዘርስ በ1944 የወጣ የበግስ በኒ ካርቱን ነው፤ ርዕሱ ራሱ በጃፓናውያን ላይ የተሰነዘረ ስድብ ስለሆነ አልጽፈውም፤ በ1990ዎቹም ከገበያ ተነስቷል። ጥንቸሉ የአይስክሬም መኪና እየነዳ የጃፓን ወታደሮችን ይጠራና ውስጡ ቦምብ ያለበት አይስክሬም ያድላቸዋል። ወታደሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ጥርስ፣ አንድ ዓይነት መነጽር ነው ያላቸው። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ጥቂት ቆይታ «አይስክሬሙን የበሉት ሰዎች የት ሄዱ?» ስትለኝ ፊልሙን ዘጋሁት። መልስ አልነበረኝም፤ ፊልሙም የለውም። የትም አልሄዱም፤ ሠዓሊው ከመጀመሪያውም ሰውነት አልሰጣቸውም።

በተጣለው ሠንጠረዥ ቦታ አሁን በማስታወሻ ደብተሬ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ በዚህ ፊልም ውስጥ የሚያመው ማን ነው? የምጠይቀው ስለ ሐዘኔታ ሳይሆን ስለ አሳሳል ነው። ሲወድቅ ክብደት ያለው፣ ሲመታ የሚዘገይ፣ ፊቱ ከምቱ በኋላ ለጥቂት ፍሬም የሚቆይለት ገጸ ባሕርይ የቱ ነው? የትኛውስ ነው ተመትቶ እንደ ወረቀት በቅጽበት የሚጠፋው? ይህንን ጥያቄ ይዤ ቀደም ብዬ ያየኋቸውን ፊልሞች እንደገና ስከፍታቸው ሌላ ፊልም ሆነው አገኘኋቸው።

ለምሳሌ «ዘ ኒው ስፒሪት» የተባለው የ1942 ፊልም መጀመሪያ ሳየው አሰልቺ ነው ብዬ ያለፍኩት ነበር። የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሚኒስትር ሄንሪ ሞርገንታው ሕዝቡ የገቢ ግብሩን በጊዜ እንዲከፍል ለማግባባት ያዘዘው ሲሆን፣ ሚኒስትሩ ለዚህ ሥራ ዶናልድ ዳክን አልጠበቁም ነበር፤ የፈለጉት ስለ ግብር ከፋዩ የተፈጠረ አዲስ ገጸ ባሕርይ ነበር። ዋልት ዲዝኒ ግን ዶናልድን መስጠት ሌላው ስቱዲዮ ዝነኛውን የፊልም ተዋናይ ክላርክ ጌብልን እንደመስጠት ነው ብሎ ተከራከረ። ትክክል ነበር። ቅጹን ሲሞላ ላብ የሚያጠምቀው፣ ራስ ምታት የሚይዘው፣ ሲነጫነጭ የምናውቀው ዶናልድ በመሆኑ የግብር ቅጽ የሰው ጣጣ ሆነ። ጋለፕ ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት 37 በመቶ የሚሆኑት ተመልካቾች ፊልሙ ግብር ለመክፈል ያላቸውን ፈቃደኝነት እንደነካው ተናግረዋል። ምክር ቤቱ ግን ለፊልሙ የተጠየቀውን 80 ሺህ ዶላር ለመክፈል እምቢ ብሏል፤ ስለ ግብር ለተሠራ ፊልም ከዚህ የተሻለ መጨረሻ መጻፍ ይከብዳል።

በዚያው ዓመት ሚኒ ማውስ ከመጥበሻ የተረፈውን የቀለጠ ስብ ለፕሉቶ ልታፈስለት ስትል ሬዲዮው የሚከለክላት አጭር ፊልም ወጥቷል። ከስቡ ግሊሰሪን፣ ከግሊሰሪኑ ፈንጂ እንደሚሠራ ከተብራራ በኋላ ውሻው ቆርቆሮውን ተሸክሞ ልኳንዳ ቤት ያደርሳል፤ በምላሹም ቋሊማ ይሰጠዋል። እዚህ የሚያመው የውሻው ሆድ ነው፤ በስቡ የሚሠራው ፈንጂ የሚያርፍበት ሰው በፊልሙ የለም።

የተለየ ሆኖ ያገኘሁት ለአሜሪካ ወታደሮች ብቻ የተሠራውን የ«ፕራይቬት ስናፉ» ተከታታይ ነው። ከ1943 እስከ 1945 ድረስ በዋርነር ብራዘርስ የካርቱን ሠራተኞች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሐሳቡ በፍራንክ ካፕራ ከሚመራው የሠራዊቱ የፊልም ክፍል የመነጨ ነው። ቴዎዶር ጋይሰል፣ በኋላ ዶክተር ሱስ በሚለው ስሙ በልጆች መጻሕፍት የገነነው ሰው፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር፤ ቤት በሚመታ ግጥም የተጻፉትን ክፍሎች ስሰማ እጁን የማውቀው ይመስለኛል። ስናፉ ምስጢር የሚያወጣ፣ ከወባ ትንኝ የማይጠነቀቅ፣ መሣሪያውን የማይወለውል ሰነፍ ወታደር ነው። በእነዚህ ፊልሞች ዋናው ተቀጪ ወታደሩ ራሱ ነው፤ ክብደቱም፣ ሕመሙም፣ ሞቱም የእሱ ነው። ጃፓናውያንና ጀርመኖች ሲመጡ ግን ያው ጥርስና ያው መነጽር ይመለሳል።

ሌላው ወገን ምን ይሠራ እንደነበር ሳልመለከት እንዳልቀር ብዬ ስድስተኛውን ወር ለዚያ ሰጠሁት። በጀርመን በተያዘችው ፈረንሳይ በ1944 የተሠራ «ኒምቡስ ሊቤሬ» የሚባል በጣም አጭር ፊልም አለ፤ በእሱ ውስጥ ሚኪ ማውስ፣ ዶናልድና ፖፓይ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች ሆነው የለንደንን ሬዲዮ በተስፋ የሚያዳምጠውን ፈረንሳዊ ቤት ያወድማሉ። ስድስት ወር ሙሉ ሲያመው ያየሁትን ዶናልድ እዚህ ፊቱ የማይለወጥ ማሽን ሆኖ ሳገኘው ደነገጥኩ። ስዕሉ ደካማ ነው፤ ሐሳቡ ግን ጥያቄዬን ገልብጦ ሰጠኝ።

ጃፓን ደግሞ በባሕር ኃይሏ አሳሳቢነት ሚትሱዮ ሴዎ ያዘጋጀውን የ74 ደቂቃ የሞሞታሮ (የጃፓን ተረት ጀግና ልጅ) ፊልም በሚያዝያ 1945 አሳይታለች። አጭር ፊልም ባይሆንም ከዚህ ልምምድ ልለየው አልቻልኩም። ድብ፣ ዝንጀሮና ሌሎች እንስሳት የባሕር ኃይል ልብስ ለብሰው ከወላጆቻቸው ጋር ይሰነባበታሉ፤ በአየር ላይ የሚበተነው የአበባ ዘር ቀስ ብሎ ወደ ፓራሹት ይለወጣል። በደቡብ ደሴት ያሉት እንስሳት የጃፓንኛ ፊደል በዘፈን ሲማሩ የሚታይበት ቦታ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስባል፤ ምክንያቱም በጣም ያምራል። ቅኝ ግዛት በጥፊ ሳይሆን በመዝሙር ሲመጣ ነው የሚታየው፤ በዚያች ደሴት ላይ ደግሞ የሚያመው አንድም እንስሳ የለም። በኋላ በጃፓን የካርቱን ሥራ የገነነው ኦሳሙ ቴዙካ በወጣትነቱ ይህንን ፊልም በኦሳካ አይቶ ካርቱን የመሥራት ፍላጎት እንዳደረበት ይታወቃል።

አሁን ያለሁት ሰባተኛውን ወር ጨርሼ ስምንተኛው ላይ ነው፤ በእጄ ያለው ክላይድ ጀሮኒሚ ያዘጋጀው የ1943 የዲዝኒ ፊልም «ኤዱኬሽን ፎር ዴዝ» ነው። ሃንስ የሚባል ጀርመናዊ ሕፃን ክፍል ውስጥ ቀበሮ ጥንቸልን ስትበላ በሰሌዳ ላይ ሲያይ «ምስኪን ጥንቸል» ብሎ ያዝናል። አስተማሪው ተቆጥቶ የሰነፍ ቆብ ያስደፋውና ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ትክክለኛውን መልስ ሲጮኹ እየሰማ ቀስ በቀስ እሱም ጥንቸሏን መጥላት ይማራል። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ጀርመንኛ ነው፤ ተራኪው ባይተረጉመው እንኳ ይገባ ነበር። ካየኋቸው የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ለጠላት ልጅ እንዲህ ያለ ክብደት የተሰጠበት ሌላ አላገኘሁም። የሚያመው ሃንስ ነው፤ ፊልሙ የሚከታተለው ሕመሙ እንዴት እንደሚወጣለት ነው፤ ሕመሙ ሲያልቅ ልጁ ወታደር ሆኖ ከሌሎች ጋር እየተራመደ ወደ መቃብር ረድፍ ይለወጣል።

ለመሳል የመረጥኩት ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱ የሚለወጥባትን ቅጽበት ነው። 24 ስዕል መድቤላታለሁ፤ እስከ ትናንት ማታ 15ቱን ጨርሻለሁ። ከ11ኛው ጀምሮ ቅንድቡ ሲወርድ ልጁ የተናደደ ሳይሆን እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። ምናልባት ዓይኑ ከቅንድቡ ሁለት ስዕል ቀድሞ መጥበብ ይኖርበት ይሆናል፤ ዛሬ ማታ እነዚያን አምስቱን እንደገና ከመስታወቱ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።