«ደም ማቅጠኛ»

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። የዋርፋሪን ክኒን ሰዓት። ዛሬ እንዲሁ ሆድ ሲብሰኝ ነው የዋለው፤ ብዕር ያነሳሁትም ስለዚያ ልጽፍ ነበር። ግን «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስሙ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

አያቀጥንም እኮ! ዋርፋሪን ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸውን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ይቀንሳል፤ እንደ አፒክሳባን ያሉት አዲሶቹ መድኃኒቶች ደግሞ ከእነዚያ አንዱን በቀጥታ ያግዱታል። ደሙ ያው ደም ነው፤ ለመርጋት ይዘገያል እንጂ። «ቀጠነ» ሲባል የሰማ ሰው ግን ደም ማነስ ይመስለዋል። ድካም የተሰማው ዕለት ክኒኑን ይተዋል።

የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፤ አደጋው ድምፅ የለውማ። የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ መኮማተሩን ትቶ ሲርገበገብ፣ በግራ በኩል ባለችው ትንሽ ኪስ ውስጥ ደም ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ይሄዳል። ምቱ ዛሬ ተስተካከለ ተብሎ መድኃኒቱ አይቆምም፤ ስጋቱ የሚመዘነው በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በልብ ድካም፣ ከሁሉም በላይ ቀድሞ በደረሰ ስትሮክ ነው። አስፒሪንም አይተካውም።

ዋርፋሪን ሙሉ ኃይሉን ለማግኘት 5 ቀን ገደማ ይፈጃል። አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ቁጥር) ከ2 እስከ 3 ይሁን፤ ከ2 ሲወርድ መርጋቱ፣ በተለይ 4ን ሲያልፍ መድማቱ ያሰጋል። አረንጓዴ ቅጠል ክልክል አይደለም፤ ልኬቱን የሚያናጋው አንድ ሳምንት ጨርሶ ትቶ በሚቀጥለው ማብዛት ነው። ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል የሚባሉት ፀረ-ተሕዋስያን ሲታዘዙ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ በቲቢው መድኃኒት በሪፋምፒሲን ቁልቁል ይወርዳል፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መለካት ግድ ነው። የተረሳ ክኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ይዋጣል፤ በማግስቱ መደረብ ግን በፍጹም።

አፒክሳባን አይኤንአር አይጠይቅም፤ ኩላሊትን መከታተል ግን አይቀርም። በቀን ሁለቴ የሚወሰደውም ኃይሉ 12 ሰዓታት ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ማለት ያለ ከለላ መዋል ነው። ሚትራል ቫልቩ ክፉኛ ለጠበበበት፣ ወይም የብረት ቫልቭ ለተተከለለት ሰው ግን ዋርፋሪን እንጂ አዲሶቹ አይሆኑትም።

«የደም መርጋት መከላከያ» ቢባልስ? ረዘመ፤ በችኮላ የሚነገር አይደለም። ታዲያ ምን ብንለው ነው፣ ድካም የተሰማው ሰው ክኒኑን ከመተው በፊት የሚጠይቀን?