ማን ያየዋል?

እኔ መካከለኛ ሰው ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ደረጃ ወጥቼ አላውቅም፣ ወድቄም አላውቅም። ቢሮም እንደዚያው። ድሮ ይኼ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ አሁን አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቼ ባና፣ ያን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ስመርጥ ነበር። ሁለቱ ቀልቤን ሳቡት። ሁለቱም የመንዝ በግ ጸጉር፣ ሁለቱም ጥቁር፣ ከሩቅ አይለዩም። አንዱን ገለጥ አድርጌ ወደ ፀሐይ ሳነሳው ግን ዳር ዳሩ ጥብቅ ብሎ መሐሉ ወንፊት ሆኗል። ሌላው ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው፤ ክሩ ቀጭን፣ ጉጥ የሌለበት።

«አባባ፣ ይኼኛው ምነው መሐሉ ሳሳ?» አልኳቸው ሻጩን።

«ታጥፎ አይደል የሚሸጠው ልጄ፤ መሐሉን ማን ያየዋል?» አሉኝ ሳቅ ብለው።

ብርዱ ያየዋላ! ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኅዳር ውርጭ የሳሳውን ቦታ ፈልጎ ነው የሚገባው።

ባና ቀላል ሥራ አይደለም። ጸጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ይኼ ሁሉ ተለፍቶ መሐል ላይ ሲደርሱ እጅ መሰብሰብ ያሳዝናል። የችሎታ ጉዳይ እንዳልሆነ ደግሞ ዳሩ ይመሰክራል፤ ዳሩን ያጠበቀ እጅ መሐሉ አያቅተውም። በሸማኔው ብቻ ግን አልፈርድም። እኛ ገዢዎችም ገልጠን ማየት ትተናል፤ ዋጋ ጠይቀን፣ ተከራክረን፣ ጠቅልለን እንሄዳለን። ጎበዙ ሸማኔስ ለማን ብሎ ይድከም? (የፋብሪካው ብርድ ልብስ ቢያንስ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ማሽን አይሰለቸው!)

ተራ ሰው መሆን ግን መናኛ ሥራ ከመሥራት ሌላ ነው። የመንዝ ጓሳን፣ ያን የደጋ ሳር ምድር፣ ለዘመናት የጠበቁት አብዛኞቹ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ገበሬዎች ናቸው። ሳሩ እስኪደርስ በራሳቸው ሕግ ለዓመታት ይከልሉት ነበር። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የምናየው እነሱ ባቆዩት መሬት ላይ ነው። መናኛ ሥራ ሠሩ የሚላቸው ማን ነው?

እኛ ቢሮ ሪፖርት የሚሠራው ካምናው ተገልብጦ ቀኑ እየተቀየረ ነው። ሽፋኑ በቀለም ይታተማል፣ ያምራል። መሐሉን የሚያነብ የለም። ሰኞ ደግሞ ተረኛው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ላጣራ ካልኩ ለየወረዳው መደወል አለብኝ፤ አለቃዬ «አታካብድ» ማለቱ አይቀርም። ለማንኛውም ካርድ ልሞላ ወጣሁ።