ማግኔት ጭንቅላት ላይ ሲያዝ ጣት ለምን ይንቀሳቀሳል?

ሰሞኑን ስለ ቲኤምኤስ (ከጭንቅላት ውጪ ሆኖ በማግኔት አንጎልን ስለሚቀሰቅስ ዘዴ) እያነበብኩ ነው፣ በጣም ነው የገረመኝ። በ1985 እ.ኤ.አ አንቶኒ ባርከርና የስራ ባልደረቦቹ እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ የሽቦ ጥቅል ሰው ጭንቅላት ላይ ይዘው ለቅጽበት ኃይለኛ ከረንት ሲለቁበት የሰውዬው እጅ በራሱ ተንቀሳቀሰ፣ ቀዶ ጥገና የለ መርፌ የለ! ዝም ብሎ የተቀመጠ ተራ ማግኔት ነርቭ አይቀሰቅስም፣ የማግኔት ፊልዱ (በዙሪያው ያለው የማግኔት ኃይል) በፍጥነት ሲለዋወጥ ግን ሳይንቲስቱ ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ እንዳሳየው ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ነርቮቻችን ደግሞ የሚሰሩት በኤሌክትሪክ ስለሆነ ይነሳሉ። ቲኤምኤስ ከ2008 እ.ኤ.አ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ላልሰራላቸው የድብርት ታማሚዎች ተፈቅዷል፣ ይሄ ለብዙ ሰው ትልቅ ተስፋ ነው። የማግኔት አምባር ነርቭ ያድናል የሚሏችሁን ግን እባካችሁ አትመኑ፣ ቲኤምኤስ የሚደረግለት ሰው ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ካለ ወይ የሚጥል በሽታ ካለበት አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።