የጎረሰውን የሚጠይቅ ኮምፒውተር

«ዲቪዲ ቁጥር 1ን አስገብተህ ኢንተርን ተጫን» ይለኛል ሲስተሙን ከዲቪዲ ላሻሽለው የተቀመጥኩበት ኮምፒውተር። ዲቪዲ ቁጥር 1 ሆዱ ውስጥ ነው። አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት፤ መልሼ አስገባሁና ተጫንኩ። ያንኑ ጠየቀኝ። እንደገና ተጫንኩ፤ እንደገና ጠየቀ። ከደጄ ፊት ለፊት ቡና የምታፈላው ጎረቤቴ ስኒ ይዛልኝ ገብታ ትርኢቱን ጥቂት ቆማ ካየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ የጎረሰውን ረስቶ ነው እንዴ የሚጠይቅዎት?» አለችኝ። በዚያ ሰዓት አልሳቅኩም። ኋላ ሳስበው ግን በሽታውን ከእኔ ቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች።

ጅማ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ፤ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ጽሑፋቸውን በፍላሽ ያመጣሉ፤ ፍላሹም ከጽሑፉ ጋር ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፎልደሮችን ሁሉ ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚደረድረውን ቫይረስ የማያውቅ የኮፒ ቤት ባለቤት ያለ አይመስለኝም። ዊንዶውስን እየደመሰሱ መጫን ሲሰለቸኝ በዊንዶውስ ምትክ ወደሚሠራው ነጻ ሲስተም፣ ወደ ሊኑክስ፣ ዞርኩ፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች የመረጥኩት ዴቢያንን ነው። ስምንተኛው እትም፣ ጄሲ የሚባለው፣ ሦስት ዓመት ገደማ ያለ ብዙ ጣጣ አገለገለኝ።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የጄሲ መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ አበቃ። እውነቱን ለመናገር እሱ ብቻውን አያነቃንቀኝም ነበር። ያስመረረኝ ከጄሲ ጋር የመጣው የጽሕፈት ፕሮግራም፣ ሊብሬ ኦፊስ 4.3፣ ተማሪዎች በአዳዲስ የወርድ እትሞች የሠሩትን ሰንጠረዥ እየበታተነ ጥፋቱ በእኔ ላይ መለጠፉ ነው። ዘጠነኛው እትም፣ ስትሬች፣ 5.2ን ይዞ መጥቷል። ይህን ሁሉ ጊጋባይት በስልክ ዳታ ማውረድ ደግሞ የኪሴ አቅም አልነበረም። አዲስ አበባ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዲቪዲዎች ቀርጾ በአውቶቡስ ላከልኝ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ በሐምሌ ዝናብ መሀል ከመናኸሪያ ተቀበልኳቸው።

የደንበኞቼን ፋይሎች በውጭ ሃርድ ዲስክ ከገለበጥኩ በኋላ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አስመዘገብኩ። አፕት የዴቢያን ፕሮግራም ጫኝ ነው፤ «አፕት-ሲዲሮም» የሚባለው ትእዛዙ እያንዳንዱን ዲስክ አንብቦ፣ አፕት ፕሮግራም በሚያመጣባቸው ምንጮች ዝርዝር ውስጥ አንድ አንድ መስመር ይጽፍለታል። የጄሲን መስመሮች ዘጋሁ። እስከዚህ ድረስ እንከን የለም። ማሻሻያውን ሳስጀምር ነው ያ ጥያቄ የመጣው።

ሁለት ሰዓት ያህል ዲስኩን ስወቅስ ቆየሁ። ከዚያ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዲስኩን የሚፈልገው «ሚዲያ» ሥር ባለ «ሲዲሮም» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ዴስክቶፑ ግን ዲስክ በገባ ቁጥር በእኔ መጠሪያ በተሰየመ ሌላ ፎልደር ይከፍተዋል። ባለቤቱ ሳሎን ሆኖ ሲጠብቅ እንግዳው በጓዳ በር ገብቶ ተቀምጧል።

የዚህ ሥሩ የራሴ ቁጠባ ነው። ያ ኮምፒውተር ሲገዛ የዲቪዲ ማንበቢያ አልነበረውም፤ ዴቢያንንም የጫንኩት በፍላሽ ነበር። ማንበቢያውን በኋላ ከአሮጌ ማሽን ነቅዬ ገጠምኩለት። ስለዚህ ሲስተሙ የትኛው ዲስክ የት ፎልደር ላይ እንደሚከፈት የሚመዘግብበት «ኤፍኤስታብ» የሚባል ፋይል ስለ ማንበቢያው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አንድ መስመር ጻፍኩለት። ዴስክቶፑንም ትቼ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2ን አንድ ላይ ተጭኜ ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን ወጣሁ። የዴቢያን ሰዎች ማሻሻያ ከዴስክቶፕ ውስጥ እንዳይካሄድ ይመክራሉ፤ ምክራቸውን ቀድሞ ማንበብ ይቻል ነበር። ጥያቄው በዚያው ቆመ።

ዲቪዲ ቁጥር 2 ላይ ሌላ መጣ። ማንበቢያው ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ውሻ ያጓራ ጀመር፤ ስክሪኑ ላይም የግብአትና ውጤት ስህተት ተደረደረ። አሁን በእርግጥ ዲስኩን ልወቅስ እችላለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ከጠዋቱ ስለተማርኩ መጀመሪያ መለካት መረጥኩ። በዴቢያን ዲስኮች ላይ በውስጣቸው ያሉትን ፋይሎች፣ ከይዘታቸው የሚሰላ መለያ ቁጥር የያዘ «ኤምዲ5ሰም» የሚባል የጽሑፍ ፋይል አለ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፋይል አንብቦ ከዚያ ዝርዝር ጋር እንዲያመሳክር አዘዝኩት። በሺህ ከሚቆጠሩት ሦስቱ ወደቁ። ዲስኩን ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ወስጄ ያንኑ ሳደርግ ግን የወደቀው አንድ ብቻ ሆነ። ጥፋቱ ለሁለት ተካፍሏል ማለት ነው፦ የማንበቢያው ዓይን ደክሟል፣ ዲስኩም በደንብ አልተቀረጸም።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «በስንት ፍጥነት ነው የቀረጽከው?»

«በመጨረሻው ፍጥነት ነው አጎቴ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ።»

«እንቁላል እንኳ በእግሩ የሄደው ቀስ ብሎ ነው እኮ!»

ሌላ ዲስክ እስኪመጣ መጠበቅ አላስፈለገኝም። የወደቀችው ፋይል ሁለት ሜጋባይት የማትሞላ ጥቅል (ተጠቅልሎ የሚመጣ ፕሮግራም) ስለነበረች ያንኑ ስምና የእትም ቁጥር ፈልጌ በስልኬ አወረድኳት፤ መለያ ቁጥሯ ተስማማ። ደካማውን ማንበቢያ ከጨዋታ ለማስወጣት ደግሞ ሦስቱንም ዲስኮች በሁለተኛው ኮምፒውተር አንብቤ በፍላሽ ላሻግራቸው ወሰንኩ። እዚህም ላይ ትንሽ ተሰናከልኩ። የአንዱን ዲስክ ሙሉ ምስል፣ ማለትም ዲስኩን እንዳለ የያዘ አንድ ፋይል፣ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ስገለብጥ ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው ተባልኩ። ፍላሾች ብዙ ጊዜ የሚመጡበት የፋት32 አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን በሊኑክስ በራሱ አሠራር፣ በኤክስት4፣ አድርጌ ካዘጋጀሁት በኋላ ሦስቱም ምስሎች ገቡ።

ምስሎቹን ሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀምጬ እንደ ፎልደር ከፈትኳቸው፤ የሁለተኛውን ይዘት ግን ያቺን አንዲት ጥቅል ለመተካት ወደ ተራ ፎልደር ገለበጥኩት። በምንጮች ዝርዝር ላይም የዲስኮቹን መስመር በፎልደሮቹ ተካሁ። አፕት ከእውነተኛ ምንጭ መምጣታቸውን የሚያረጋግጥ ፊርማ የላቸውም ብሎ አጉረመረመ። ዲስክ ሲሆን ሳይጠይቅ ያምናል፤ ፎልደር ሲሆን ግን ዋስ ይፈልጋል። መለያ ቁጥራቸውን ራሴ ስላመሳከርኩ በየመስመሩ «የታመነ ነው» የሚለውን ምልክት ጨመርኩ። መጀመሪያ ቀላሉን ማሻሻያ፣ ቀጥሎ ሙሉውን አስጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ በጨለማ ተቀምጫለሁ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ የለው፣ ምን የለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ። ማሻሻያውን ልቀጥል ስል መልእክት መጣ፤ ጥቅሎቹን የሚፈታው ዲፒኬጂ እንደተቋረጠና የትኛውን ትእዛዝ ማስኬድ እንዳለብኝ ቃል በቃል ተጽፏል። አነበብኩት። የተጻፈውን ትእዛዝ ብቻ ሰጠሁ። በከፊል የተፈቱትን ጥቅሎች እየለቀመ አስተካከለ፤ የሚደገፉበት ሌላ ጥቅል የጎደላቸውን አፕት በሌላ ትእዛዝ አሟላ፤ ሙሉው ማሻሻያም ከቆመበት ቀጠለ።

ሊነጋጋ ሲል ዴስክቶፑ ተከፈተ። ከሁሉ በፊት ያየሁት የአማርኛ ኪቦርዱን ነው፤ እሱ ከሌለ ቤቱን መክፈት አያስፈልገኝም። «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ፤ በአቢሲኒካ ፊደል ጥርት ብሎ ወጣ። የአንዱን ተማሪ ሰንጠረዥ ከፈትኩ፤ አልተበተነም።

ሁለተኛውን ኮምፒውተር በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ፍላሽ ሠራሁት፤ ዲስክ አልነካሁም፣ ከምሳ በፊት አለቀ። አሮጌውን ማንበቢያም ነቅዬ ጣልኩት። ሦስተኛው ገና ጄሲ ላይ ነው፤ ደንበኛ ስለማይለቀው ሌሊት ነው የምሠራው፣ መብራት ካለ።