የብሽሽት ጭርትና ያ ሦስት በአንድ ቅባት

መድኃኒት ቤት ቆሜ የምሸጥ ሰው ሆኜ ነው የተሳሳትኩት። በሐዋሳ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የባጃጅ ወንበር ላይ በላብ ተነክሮ የሚውል ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ብዬ እጽፋለሁ።

ብሽሽቴ ላይ የወጣው ጭርት፣ የቆዳ ፈንገስ ማለት ነው፣ ሲጀምር መልኩ ግልጽ ነበር፦ ዳሩ ከፍ ያለና የሚፈረፈር፣ መሃሉ ጠራ ያለ ክብ። በዚህ ደረጃ ሕክምናው ቀላል ነው። ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት ቅባት ጠዋትና ማታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ወይም ቴርቢናፊን 1 ፐርሰንት በቀን አንዴ ከ1 እስከ 2 ሳምንት። እኔ ግን ማሳከኩ ቶሎ እንዲተወኝ ብዬ ከመደርደሪያው ሦስት በአንዱን አነሳሁ።

ሦስት በአንድ የምንለው የፈንገስ መድኃኒት፣ የባክቴሪያ መድኃኒትና ስቴሮይድ (መቅላትንና ማሳከክን የሚያፍን መድኃኒት) በአንድ ቱቦ የተቀላቀሉበት ነው። ካርቶኑን አዙራችሁ ስሞቹን አንብቡ። ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ በ«ዞል» የሚያልቁት፣ የፈንገስ ናቸው። ኒኦማይሲን ወይም ጄንታማይሲን የባክቴሪያ ነው፤ ጭርትን አይነካውም፣ ኒኦማይሲን እንዲያውም ራሱ የቆዳ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ቤታሜታዞን በ«ዞን» ነው የሚያልቀው፤ አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ፣ እሱ ግን ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶልም በ«ሶል» ማለቁ እንዳያሳስታችሁ፤ ከስቴሮይዶቹ ሁሉ ከባዶቹ ወገን ነው።

መቅላቱና ማሳከኩ ሰውነት ፈንገሱን ሲታገል የሚመጣ ነው። ስቴሮይድ ያንን ትግል ያፍነዋል። በሁለት ሦስት ቀን እፎይ ትላላችሁ፣ ፈንገሱ ግን ከልካይ አጥቶ ይንሰራፋል። ቅባቱን ስታቆሙ በቀናት ውስጥ ከበፊቱ የባሰ ቀልቶ፣ እያቃጠለ ይመለሳል። ያኔ ሰው «ሲቀባ ሽሎኝ ነበር» ይልና ሌላ ቱቦ ይገዛል። እኔም ሦስት ቱቦ ጨረስኩ። ለሰው የማስረዳውን ነገር በራሴ ገላ ላይ መርሳቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ክቡ ጠፋ። ዳሩ ደበዘዘ፣ ፍርፋሪው ቀረ፣ ቅላቱ ወደ ጭንና ወደ መቀመጫ ወረደ፣ መሃሉ ላይ ብጉር መሰል ነገር ወጣ። ጭርት መሆኑን ማንም ከመልኩ ሊለየው አይችልም ነበር። ያየኝ ባለሙያም ከወንበሩ ሳይነሳ «አለርጂ ነው» አለና የባሰ ጠንካራ ስቴሮይድ ጻፈልኝ። ከዚህ በፊት ምን ቀብተህ ነበር ብሎ አልጠየቀም። ያቺ አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር፤ እኔም ሳልጠየቅ መናገር ነበረብኝ።

ነገሩን የለየው ላቦራቶሪ ነው። ቅባት ካቆምኩ ከሳምንት በኋላ ቆዳው በምላጭ ጎን ተፋቀ፣ ስላይድ ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (የቆዳውን ሕዋስ የሚያሟሟ ፈሳሽ) ጠብ ተደረገበትና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገስ ተገኘ። ፍቀቱ ከመሃል ሳይሆን ከዳሩ ይወሰድ በሉ፤ ፈንገሱ በብዛት ያለው እዚያ ነው። የተስፋፋ ስለነበር ሐኪም ቴርቢናፊን ክኒን 250 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ4 ሳምንት አዘዘ። ጉበቱን የሚታመም ሰው ይህን ሳይናገር እንዳይጀምር። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ ስቴሮይዱ ሲቀር ቆዳው ይነድዳል፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ እያደረጋችሁ ቻሉት እንጂ ወደ ቱቦው አትመለሱ።

አንዳንድ የመግለጫ ወረቀት ክሎትሪማዞልና ቤታሜታዞን የተቀላቀለበትን ለብሽሽት እስከ 2 ሳምንት ይፈቅዳል። እኔ አንድ ቀንም አልፈቅድም። ብሽሽት ቆዳው ስስ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ላብ ይይዛል፤ ስለዚህ ስቴሮይዱ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይሰርጋል። ስቴሮይዱ ጭኔ ላይ የተወው ሰንበር፣ ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ እንደሚወጣው ዓይነት፣ ከእንግዲህ አይጠፋም። ማሳከኩን መቋቋም ያቃተው ሰው ከስቴሮይዶቹ ደካማውን፣ ሃይድሮኮርቲዞን 1 ፐርሰንትን፣ ለብቻው ገዝቶ፣ ከፈንገስ ቅባቱ ጎን ለጎን 3 ወይም 4 ቀን ብቻ ይቀባ።

ስለ መጠኑ፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ያህላል፣ የሁለት መዳፍ ስፋትም ይሸፍናል። ለሁለቱ ብሽሽት ክሎትሪማዞሉን በቀን ሁለቴ ስትቀቡ በቀን 1 ግራም፣ በ4 ሳምንት 28 ግራም ትጨርሳላችሁ። ባለ 20 ግራሙ ቱቦ አንዱ አይበቃም፤ ብዙ ሰው መሃል ላይ የሚያቆመውም ቱቦው ስላለቀበት ነው፣ ከመጀመሪያው ሁለት ግዙ። ከዳሩ 2 ሴንቲሜትር አልፋችሁ ቀቡ፣ ቆዳው ከጠራም በኋላ አንድ ሳምንት ቀጥሉ።

እግር ጣቶቻችሁንም ገልጣችሁ እዩ። በጣቶቹ መሃል ነጭ ሆኖ የሚላላጥ ካለ፣ የውስጥ ሱሪ ስትለብሱ ፈንገሱን ጎትቶ ብሽሽት የሚያደርሰው እሱ ነው። እግሩም አብሮ ይታከም፣ ፎጣው ለብቻው ይሁን፤ ስትለብሱም መጀመሪያ ካልሲ፣ ከዚያ የውስጥ ሱሪ።