ጉም ሸፈነው ብሎ ማቆም

ደብረ ብርሃን፣ ማታ

የአካባቢያችን ልጆች ዘፈን ሲጽፉ ግጥም ማብዛታቸው አይገርመኝም። ጆሯቸው የተሟሸው በሠርግ ዘፈን ነው። መንዝ ሠርግ ቤት አውራጁ ግጥም ይጥላል፣ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል፣ ዘፈኑ የሚያበቃው ጨፋሪው ሲደክም ወይም ሌላ አውራጅ ሲቀማው ነው። ርዝመቱን የሚወስነው ትከሻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ጨፋሪ የለም፤ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ጸሐፊው ነው።

ድሮ ዘፈን የሚቀዳበት ዕቃም ያግዝ ነበር። ሸክላ አሳታሚው አምሐ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ነጠላ ዘፈን የሚወጣው በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞረው ትንሽ ሸክላ ነበር። በዚያ ሸክላ ላይ ዘፈን ሲረዝም የድምፁ መስመሮች መጠጋጋት ስላለባቸው ድምፁ ዝቅ ይላል። ካሴት መጣና ልጓሙ ወለቀ፤ የ60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጽ አምስት ዘፈን ቢይዝ ለእያንዳንዱ 6 ደቂቃ ይደርሰዋል። ዛሬ ጭራሽ ገደብ የለም።

እስቲ በጭብጨባ እንቁጠረው። የችክችካው ምት በደቂቃ 120 ጭብጨባ ቢሄድና ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ የተጻፈ፣ 12 ቀለም (የድምፅ ክፋይ) ያለው ስንኝ 8 ጭብጨባ ቢወስድ 4 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ስንኝ፣ ማለትም ጥንዱ፣ 8፣ እንደ ልማዳችን ሲደገም 16 ሰከንድ። አዝማቹም 16 ይሁን። የ8 ሰከንድ መግቢያ፣ ሁለት ጥንድና አንድ አዝማች በሦስት ዙር፣ መሃል ላይ ለማሲንቆው 16 ሰከንድ፣ መጨረሻ አንድ ተጨማሪ አዝማች፤ ድምሩ 3 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ። ግጥሙ ስድስት ጥንድ ብቻ ነው። አሥር ጥንድ ከሆነ አምስት ዙር ይጠይቃል፣ 4 ደቂቃ ከ40 ይደርሳል። መግቢያውንም ማስረዘም አይበጅም፦ የኢንተርኔቱ ሙዚቃ ማድመጫ ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ አርባ ሰከንድ ኪቦርድ የቀደመበት ዘፋኝ አፉን ሳይከፍት ሰው ያልፈዋል።

ከሰከንዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ጥንድ እንውሰድ፦

ጣርማ በር ላይ ቆሜ ጉም ሸፈነው ቤቷን፣
በምን አውቃለሁኝ መተኛት መንቃቷን።

ጣርማ በር ከፍታ ላይ ነው፣ ደብረ ሲና ከታች አለች፣ ጉሙ መሃል ገብቷል፣ ሰውየው አይቶ ማየት አልቻለም። ናፍቆት የሚል ቃል የለበትም፤ ናፍቆቱ ግን ሙሉ ነው። ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ይህን የመሰለ ነው፦

ናፍቆት አሰቃየኝ ልቤ ተጨነቀ፣
እሷን ካላየኋት ሕይወቴም አለቀ።

ቤት ይመታል፣ ቀለሙም ልክ ነው። ጥፋቱ የፊተኛውን ማስረዳቱ ነው። ሰሚው ራሱ ያገኘውን ነገር መልሶ ይነግረዋል፣ ጉሙንም ይገፈዋል። ሰምና ወርቅ ያሳደገው ሰሚ ፍቺውን ራሱ ሲያገኝ ነው የሚደሰት፤ ፍቺውን መንገር ደስታውን መንጠቅ ነው።

ለመቁረጥ የሚረዳው አሠራር ቀላል ነው። እያንዳንዱን ጥንድ በተለያየ ወረቀት ጽፎ አዲስ ቦታ፣ ሰዓት ወይም ድርጊት ያላመጣውን ማውጣት። በቀረው ጭብጨባና ድምፅ ብቻ በስልክ መቅዳት፣ አድሮ መስማት፣ ከዚያ የመጨረሻውን ጥንድ አስወጥቶ እንደገና መቅዳት። ካልጎደለ አይመለስም። ከሁሉም የሚበረታውን ጥንድ ሦስተኛው ዙር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ መጀመሪያ ከወጣ የቀረው ሁሉ ቁልቁለት ይሆናል።

አዝማቹን መጨረሻ ላይ አራት አምስት ጊዜ መደጋገም፣ ሲሰለች ደግሞ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ መጨመር የማብቂያ እጦት ነው። ድምፁን በ10 ሰከንድ እየቀነሱ ማጥፋትም ያው ነው፤ መድረክ ላይ ደግሞ አይሠራም፣ ከባንዱ ሁለቱ ቆመው ሦስቱ ይቀጥላሉ። ማብቂያው ከግጥሙ ጋር አብሮ ይጻፍ። የጣርማ በሩ ጥንድ ጥያቄ ስለሆነ፣ ዜማው ወደ መነሻው ድምፅ ሳይመለስ ቢቀር እመርጣለሁ፤ «መንቃቷን» ሲባል ከበሮውም ማሲንቆውም አብረው ይቁሙ።