«ደህና ነው» ስንት ነጥብ ነው?

ደቡብ ወሎ ውስጥ የጤና ኬላዎችን የአገልግሎት ጥራት በሚለካ ቡድን ውስጥ ስመደብ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ቼክሊስት ተሰጠኝ። ለተቅማጥ የሚሰጡት ኦአርኤስና ዚንክ አለ? ሚዛኑ ይሠራል? መዝገቡ ተሞልቷል? ከኩታበር እስከ ተንታ እየዞርኩ «አለ» እና «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉም የበለጠ ነጥብ ያገኘው ኬላ፣ ስንደርስ በሩ ተቆልፎ አንድ ሰዓት ደጅ ያስጠበቀን ነው። ያቺን አንድ ሰዓት የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

በባለሙያዋ አልፈርድም። በአንድ ቀበሌ ያሉት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ሕዝቡ እስከ 5,000 ይደርሳል። ቤት ለቤት ዙሪም፣ ኬላው ውስጥ ተገኚም ይሏታል። የዚያን ዕለት ከቁልቁለቱ በታች አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ነበር።

መዝገብና ሪፖርት ማመሳከሩም ብዙ አላስተማረኝም። ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ዓይነቶች በዕጣ አውጥተን ከመዝገቡ ጋር አስተያየን፤ ገጠመ። መዝገቡ ከሰዉ ጋር ይግጠም አይግጠም ግን ማንም አልጠየቀንም።

ስለዚህ ወደ ቤቶቹ ገባን፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመን። «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» ስንል ሁሉም «በጣም» ይላል። የወሎ ሰው እንግዳ ፊት የጎረቤቱን ልጅ አያማም! አንዲት እናት ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሱኝም፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቹ ደጎች ናቸው። ይልቅ ልጄ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» አሉኝ። ቅጹን አጠፍሁት። በረካው ሲደርስ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «እማማ፣ በቅርብ የታመመ ልጅ ነበር እንዴ?» አልኩ። ያን ጊዜ ወሬው ፈሰሰ። የልጅ ልጃቸው አስቀምጦት በገበያ ቀን ኬላ ወስደውት ተዘግቶ ነበር፤ ከሱቅ ክኒን ገዙ፤ በማግስቱ ተመልሰው ዚንክ ተሰጣቸው። «የት አለ?» ስል ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አወጡልኝ። ለ10 ቀን የተሰጠው ዚንክ ላይ 6 ፍሬ ቀርቷል። ተቅማጡ ሲቆም እሳቸውም መስጠቱን አቁመዋል፤ እስከ መጨረሻው ይዋጥ ብሎ የነገራቸው የለም። በእኛ ቅጽ «ዚንክ አለ» ተብሎ ሙሉ ነጥብ የተሰጠው ይኸው ኬላ ነው።

ከዚያ በኋላ «ረክተዋል?» የሚለውን ትተን የመጨረሻውን ሕመም ማስተረክ ጀመርን፦ መጀመሪያ የት ሄዱ፣ ስንት ከፈሉ፣ ምን ተባሉ። የተረፈ መድኃኒት ካለም እንዲያሳዩን ለመንን። ጊዜ ይፈጃል፤ በቀን የምንጨርሰው ቤት በግማሽ ቀነሰ፣ አስተባባሪያችንም አልወደደውም። እኔ ግን ዛሬም ብሆን ከመቶ «በጣም ረክቻለሁ» ይልቅ አሥር እንዲህ ያለ ታሪክ እመርጣለሁ።

ያጠፋሁትም አለ። መጀመሪያ ላይ ነጥቡን ከነኬላው ስም ለአንዷ ባለሙያ አለቆች አሳየሁና ተገሠጸች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቀበሌውን ሁሉ አዳረሰ፤ ከዚያ ወዲያ የምንደርስበት መዝገብ ሁሉ እንደ አዲስ ደብተር የጸዳ ሆነ። ቀጥሎ የኬላዎቹን ስም መጻፍ ትተን በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ያሉትን ኬላዎች ባንድ ላይ መዘገብን።

መዝገብ በትክክል ማንበብንም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ለሳንባ ምች የሕፃን ትንፋሽ በሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። አንዱ ኬላ መዝገብ ላይ 38፣ 44፣ 52፣ 46... ጎዶሎ ቁጥር የሚባል የለም። ባለሙያዋን ብጠይቃት ሳቀች። ሰልፉ ሲበዛ ግማሽ ደቂቃ ቆጥራ በሁለት ታባዛለች፤ የመቁጠሪያ ሰዓቷም ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፣ በስልኳ ነው የምትሠራው። ባትሪውን ከደሴ ገዝቼ በሚኒባስ ላክሁላት። ቼክሊስቱ ግን ቀድሞ ወደ ላይ ሄዷል፤ «የትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓት» በሚለው ትይዩ የእኔው ምልክት አለ፦ «አለ»።